በሳቲን ሜዳ ላይ የወደቀው በረኛ

ፈይሳ ሲወድቅ ሜዳው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ አይቶታል። ምን እንደጣለው ያየ ግን አንድም አልነበረም።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከአስር ሶላት በኋላ ነበር። ከኤደን ወጣ ብላ ባለችው በበሳቲን ዳር፣ አቧራ በለበሰው ሜዳ ላይ የሐበሾቹ ቡድን ከተዋሂ የወደብ ሠራተኞች ጋር ይጋጠማል። ከዕረፍት እንደተመለሱ ከቅርብ የተመታች ቀላል ኳስ የበረኛውን የፈይሳን ጭንቅላት በጎን ነካችና ወደ ውጭ ወጣች። ኳሷ ከመለስለሷ የተነሣ ተመልካቹ ሳቀ። ፈይሳም ራሱ ፈገግ ብሎ እጁን አነሣና «ደህና ነኝ» አለ። ኳሷን ሊያመጣ ወደ ጎሉ ጀርባ ጥቂት እንደተራመደ ግን እግሮቹ ተሳሰሩ፤ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ከዚያም በፊቱ ተደፋ። ሲገለብጡት ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ማንንም ግን አያዩም። መኪና ተለምኖ እስኪገኝ ትንፋሹ ቆመ።

«በእንደዚህች ያለች ኳስ የሞተ ሰው የት ታይቶ ያውቃል? መርዘውት ነው!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መሐል።

ወሬ እግር የለውም፤ ቢሆንም ከመኪና ይቀድማል። በዕረፍት ሰዓት ውሃ ያቀበለው ማን ነው? አንድ ክፍል ተከራይቶ አብሮት የሚኖረው ሀብቶም። ትናንትና ከፈይሳ ጋር ግቢው እስኪናጋ የተጣላው ማን ነው? እሱው ሀብቶም። የሰፈሩ ፖሊስ ፈጥኖ ባይደርስ ኖሮ ያን ቀን ከሜዳው የሚነሣው ሬሳ ሁለት በሆነ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኢንቲሳር ወደ ጣቢያው ተጠራች። የተጠራችው ግን ገዳይ እንድትፈልግ አይደለም፤ እንድታስተረጉም ነው።

ኢንቲሳር ደሴ ላይ ከየመናዊ ነጋዴ አባትና ከወሎዬ እናት ተወልዳ፣ በልጅነቷ ኤደን የገባች ሴት ናት። በድሮው የደቡብ የመን መንግሥት ጊዜ ፖሊስ ሆና ተመርቃ፣ ወንዶቹ ተስፋ የቆረጡባቸውን ወንጀሎች ስትፈታ ስሟ የተጠራ መርማሪ ነበረች። ሰሜኑና ደቡቡ ከተዋሐዱ፣ ከዚያም ጦርነት ከመጣ በኋላ ግን ወንበሯን ለሌላ ሰጡና የፋይል ክፍል ጠባቂ አደረጓት። ፀጉሯ እዚያው ሸበተ። ዛሬ የሚፈልጓት አማርኛ ሲቸግራቸው ብቻ ነው።

«ያ ኢንቲሳር፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት የጣቢያው አዛዥ ሰላህ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ገዳዩ ተይዟል፤ ራሱም አምኗል። ሐሙስ ዕለት ‹እገድልሃለሁ› ብሎ ሲዝት ጎረቤት ሰምቶታል። አንቺ ቃሉን ተቀብለሽ በዐረብኛ አስፍሪልኝ፤ ኸላስ፣ በቃ።»

«መርዙ ተገኘ?»

«ምን ይገኛል? ጠርሙሱን ሕዝቡ ረጋግጦታል።»

ሀብቶም በእስር ቤቱ ጥግ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ በድብደባ ተከድኗል። ኢንቲሳር ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አይዞህ ልጄ። ኢንቲሳር እባላለሁ። ደሴ ነው የተወለድኩት።»

አማርኛ ሲሰማ ቀና አለ፤ መልሶ ግን አቀረቀረ።

«ፈይሳን ማን ገደለው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

«መታኸው?»

መዳፎቹን አገላብጦ አየ።

«መርዝ ሰጠኸው?»

ደንግጦ አያት። «ኧረ በማርያም! ወንድሜ እኮ ነው!»

«ታዲያ እንዴት አድርገህ ገደልከው?»

«በዚህ እጄ አልኩዎት እኮ» አለና ሁለት መዳፎቹን ዕቃ እንደሚያቀብል ሰው ወደ ፊት ዘረጋቸው። ከዚያ በኋላ ብትለምነውም ብትቆጣውም ቃል አልወጣውም።

ኢንቲሳር በዘመኗ ብዙ የሐሰት ክህደት ሰምታለች። የሐሰት ኑዛዜም አጋጥሟታል። ይህ ግን ከሁለቱም አይደለም። ልጁ የሚናገረው ያመነበትን ነው፤ የሚናገረው ነገር ግን ከሬሳው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ሬሳውን ልታይ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ሬሳውን የመረመረችው ወጣት የመናዊት ሐኪም፣ ዶክተር ሻይማ ናት።

«መርዝ ነው ይላሉ» አለቻት ኢንቲሳር።

«ይበሉ። የመርዝ ምልክት አላገኘሁበትም። ይልቅ ይህን እዪ።» የፈይሳን ዓይኖች ገለጠችላት። የቀኙ ዓይን ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል፤ የግራው ጠባብ ነው። «አንጎሉ አብጧል። የራስ ቅል አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ውስጡ ያለው ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ራሱን በራሱ ይጨፈልቃል።»

«ያች ቀላል ኳስ ናት ይህን ያደረገችው?»

«እሱ ነው ያልገባኝ። ጤነኛ ሰው በእንደዚያ ያለች ኳስ ራሱን እንኳ አያመውም።»

ኢንቲሳር የሬሳውን ጭንቅላት ቀስ አድርጋ አዞረችው። ከቀኝ ጆሮው በስተኋላ፣ ፀጉሩ ከሸፈነው ሥር፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ሰንበር አለ።

«ይህስ የትናንት ነው?»

ሐኪሟ አጎነበሰች። «አይደለም። የትናንት ቢሆን ገና ሐምራዊ ነበር። ዳር ዳሩ ወደ አረንጓዴና ቢጫ ዞሯል፤ ቀናት አልፈውታል።» ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። «አሁን ገባኝ። አንድ ጊዜ ክፉኛ የተናወጠ አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ሲነካ፣ ሁለተኛው ምት ምንም ያህል ቀላል ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ደግሞ የሚያድን የለም።»

«አርፎ ቢሆን ኖሮስ?»

«አርፎ ቢሆን ኖሮ?» ዶክተር ሻይማ ጓንቷን አወለቀች። «ይድን ነበር። መድኃኒቱ መተኛት ነው። ጨለማ ክፍል፣ ዕረፍት፣ ኳስ አለመንካት። ሌላ ምንም አያስፈልገውም ነበር።»

ኢንቲሳር ይህን ለአዛዡ ስትነግረው ሰላህ ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

«ታዲያ መጀመሪያም የመታው ሀብቶም ነዋ! አብረው ይኖራሉ፤ ተጣሉ፤ መታው። ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱን እስካገኘው ድረስ ልጁን የትም አትላከው።»

«እስከ ነገ ነው የምጠብቅሽ» አላት። «የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ነው። ከበላይ የሚጠይቀኝ የለም ብለሽ ነው?»

ሁለቱ ልጆች የሚኖሩበት ክፍል በበሳቲን፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ፊት ለፊታቸው ጥላነሽ ትኖራለች። ተዋሂ አንድ ትንሽ ሆቴል ውስጥ በጽዳት የምትሠራ፣ የግቢው ልጆች እንደ ታላቅ እህት የሚያዩዋት ሴት ናት። በሩን የከፈተችላት እሷ ናት።

ኢንቲሳር እንደገባች ወደኋላ አለች። ክፍሉ ምድጃ ነው። ለዚያ ቤት አየር የምታስገባው አንዲት መስኮት በወፍራም ብርድ ልብስ ተጋርዳ ዙሪያዋን በምስማር ተመትታለች። ከአንደኛው ፍራሽ አጠገብ ባልዲ አለ።

«በዚህ ሐሩር መስኮት የሚዘጋ ማን ነው?» አለች ኢንቲሳር።

«ሀብቶም ነው የቸነከረው፣ እትዬ። ለፈይሳ ብሎ። ብርሃን ዓይኑን እየወጋው አልቻለም ነበር። ሀብቶም ደጅ እያደረ ነበር፤ ፈይሳን ሲያስመልሰው ነው እየተነሣ የሚገባው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ ማታ። ደህና ወጥቶ እንደሰከረ ሰው ሆኖ ገባ። ‹ጥሌ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?› ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ ዞር ብሎ እንደገና ይጠይቀኛል። ጫማውን አገላብጦ አድርጎ ሲወጣ አይቼ ሳቅሁበት።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሳቅሁበት እኮ! እኔ የመሰለኝ ፀሐይ ነው። ቢር ፈድል እርሻ ላይ ሲሠራ ይውላል፤ ፀሐይ መታው ብዬ ሎሚ ጨምቄ አጠጣሁት። ከዚያ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«ሐሙስ ዕለት ሲጣሉ ሰምተሻል?»

«ያልሰማ አለ? ሀብቶም ‹ትሞታለህ! ነገ እዚያ ከቆምክ ትሞታለህ!› እያለ ይጮኻል። ፈይሳ ያለቅሳል።»

ኢንቲሳር ፊቷን ወደ ሴቲቱ መለሰች። «ቃሉን በደንብ አስታውሺ። ‹እገድልሃለሁ› አላለም?»

«ኧረ እኔ እቴ! ‹ትሞታለህ› ነው ያለው።»

«ለፖሊሱ ‹እገድልሃለሁ አለ› ብሎ የነገረውስ ማን ነው?»

«ከግቢው ጎን ያለው የመናዊ ባለሱቅ። አማርኛው የገበያ ነው፤ እሱን ነው ያስተረጎሙት። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«የተጣሉት በምን ነበር?»

«እሱን አልነገሩኝም። ፈይሳ የበረኛ ጓንቱ ጠፍቶበት ቤቱን ሲያምስ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ግን ጓንቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በእጁ ይዞት ወጣ።»

«ሜዳ ላይስ ከሀብቶም ውሃ በቀር የቀመሰው ነገር አለ?»

«የእኔ የማንጎ ጭማቂ። ጨዋታው ሳይጀመር የቡድኑ አሠልጣኝ ጋሽ ከማሉዲን ፓናዶል ሰጡት፤ በእሱ ነው የዋጠው። ሀብቶምም ከዚያው ከሰጠው ውሃ ጠጥቷል፤ እኔም ከሁለቱም ጠጥቻለሁ።»

ኢንቲሳር ከግቢው ወጥታ ወደ ሜዳው ስታቀና ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከሁለት ቁራዎች በቀር በሜዳው ማንም የለም። የጎሉ ቋሚዎች ሲሚንቶ በተሞሉ በርሜሎች የተተከሉ የውሃ ቧንቧዎች ናቸው። በስተግራ ያለው ራቁቱን ነው፤ ዝጎ ተልጧል። በስተቀኝ ያለው ግን በርሜሉም ቧንቧውም ከሥሩ እስከ ጉልበት ድረስ በስፖንጅና በቡናማ ሌዘር ተጠቅልሎ፣ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ኢንቲሳር በጣቷ የስፖንጁን ጫፍ ሳበችው። እንደ ጥጥ ነጭ ነው። የኤደን ፀሐይና አቧራ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ነጭን ነገር እንደሚያቆሽሽ ታውቃለች። ከዚያ ስፌቱን አየች፤ አንድ ወጥ፣ ጠንካራ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት ነው። ቁመቱን በእጇ ለካች። ሮጦ የሚመጣ አጥቂ ጭንቅላቱ እዚህ አይደርስም። እዚህ ቁመት ላይ ጭንቅላቱን የሚያመጣ ሰው አንድ ብቻ ነው።

በሸይኽ ኡስማን ገበያ፣ ከማሉዲን የሚኒባስ ወንበር የሚያለብሱበት ሱቅ አላቸው። ጅማ ተወልደው በወጣትነታቸው የአባታቸውን አገር ፍለጋ የመጡ፣ አሁን ግን ለአላፊ አግዳሚው ሐበሻ ሁሉ አባት የሆኑ ሰው ናቸው። ቡድኑን ያቋቋሙት፣ ኳሱንም ማሊያውንም የገዙት እሳቸው ናቸው። ኢንቲሳርን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አላህ ይርሐመው። ልጄ ነበር፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ።»

«አላህ ያጽናዎት፣ ጋሽ ከማሉዲን። ከጨዋታው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ነው። በመሐሉ ልምምድ አልነበረንም።»

«ኪኒን ሰጥተውታል ይባላል።»

«ራሴን አመመኝ ሲለኝ ሰጠሁት። ኃጢአት አለው?»

«የለውም። እዚያው ሜዳ ላይ ነው አመመኝ ያለዎት? ኪኒኑ በኪስዎ ነበር?»

ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። «ለራሴ የያዝኩት ነው።»

«ጨዋታው ትልቅ ነበር እንዴ?»

«ለእሱ ትልቅ ነበር። የአንድ የተዋሂ ክለብ ሰው ሊያየው መጥቶ ነበር። ቢወስዱት ማደሪያ ይሰጡታል፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያወጡለታል፤ እንደ ሰው ቀና ብሎ ይሄድ ነበር። በክረምቱ ሦስት ተጫዋቾቼ በደላላ መኪና ወደ ሳዑዲ ሄዱ። እስከ ዛሬ ድምፃቸውን የሰማ የለም።» እጃቸውን አጨበጨቡና ባዶ መዳፋቸውን አሳዩዋት። «አንዱን እንኳ ላስቀር ብዬ።»

ኢንቲሳር የሱቁን ጥግ ተመለከተች። ቡናማ ሌዘር ተጠቅልሎ ቆሟል። ከአጠገቡ ነጭ ስፖንጅ ተከምሯል።

«የጎሉን ብረት ማን ለበጠው፣ ጋሽ ከማሉዲን?»

«ልጆቹ ይሆናሉ» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከእሷ አሽሽተው ነበር።

እሑድ ከሰዓት ኢንቲሳር ሁሉንም እዚያው ጎሉ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ሰላህ ከወታደሮቹ ጋር ቆሟል። ሀብቶም እጁ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጥላነሽ፣ ከማሉዲን፣ ዶክተር ሻይማና የቡድኑ ልጆች ዙሪያውን ከበዋል። ኢንቲሳር በአማርኛ ትናገራለች፤ መልሳ ደግሞ ለአዛዡና ለሐኪሟ በዐረብኛ ትደግመዋለች።

«መጀመሪያ መርዙን እንተወው። ሐኪሟ የመርዝ ምልክት አላየችም። ከውሃውም ከጭማቂውም ሌሎች ቀምሰዋል፤ በሕይወት አሉ። ፈይሳን የገደለው አንጎሉ ውስጥ የተነሣ እብጠት ነው። ዓርብ የነካችው ኳስ ብቻዋን ይህን አታደርግም። ከዚያ በፊት ጭንቅላቱ ክፉኛ ተመትቷል፤ ከጆሮው ጀርባ ያለው ሰንበር ቀለሙ ዞሮ ነበርና። ብርሃን መጥላቱ፣ ማስመለሱ፣ ያንኑ ጥያቄ መላልሶ መጠየቁ የጀመረው ሰኞ ማታ ነው። ስለዚህ የተመታው ሰኞ ነው። ማን መታው?»

«ያው የተቀመጠው ነዋ!» አለ ሰላህ።

«እሱ መትቶት ቢሆን ኖሮ መስኮቱን አይቸነክርለትም ነበር። ሲያስመልሰው ባልዲ አይይዝለትም ነበር። ደጅ አያድርለትም ነበር። ‹እገድልሃለሁ› አለ የተባለውም የአስተርጓሚ ስሕተት ነው። ያለው ‹ትሞታለህ› ነው። በእኛ ቋንቋ፣ ሊገድል የሚዝት ሰው ‹እገድልሃለሁ› ይላል። ‹እዚያ ከቆምክ ትሞታለህ› የሚለው ግን የሚሳሳልህ ሰው ነው።»

ሀብቶም ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ።

ኢንቲሳር ወደ ቀኙ ቋሚ ሄዳ እጇን ስፖንጁ ላይ አሳረፈች። «ከሁለቱ ብረቶች አንዱ ብቻ ለምን ተለበጠ? ይህኛው ሰው ስለጎዳ። ለምን እስከ ጉልበት ብቻ? ኳስ ለመያዝ መሬት ላይ የሚወረወር የበረኛ ጭንቅላት የሚደርሰው እዚህ ስለሆነ። መቼ ተለበጠ? ስፖንጁ ገና አልቆሸሸም፤ ከሰኞ ወዲህ ነው። ማን ለበጠው? ስፌቱ የመኪና ወንበር ስፌት ነው። ሌዘሩንም ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ሁሉም ዞረው ከማሉዲንን ተመለከቱ።

«ጋሽ ከማሉዲን፣ ፈይሳን ባለፈው ሳምንት ነው ያየሁት ብለውኛል። ራሱ እንደሚያመው አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ግን ኪኒን በኪሱ ይዞለት አይመጣም። ሰኞ ለብቻው ሊያለማምዱት አምጥተውታል። ተወረወረና ጭንቅላቱን ከዚህ ብረት ጋር አጋጨ። አይደለም?»

ሽማግሌው በርሜሉ ላይ ተቀመጡ።

«ራሱን ስቶ ነበር» አሉ። «ውሃ ረጨሁበት፤ ነቃ። ‹ደህና ነኝ ጋሼ፣ ለማንም አይንገሩብኝ፤ የክለቡ ሰው ከሰማ ይቀራል› አለኝ። ሳቀ እኮ! የሚስቅ ልጅ ይሞታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? እኔ በወጣትነቴ ስንቴ ተጋጭቼ ተነሥቻለሁ። ያስፈራኝ ብረቱ ነው፤ ሁለተኛ እንዳይመታው ብዬ ለበጥሁት። አደጋው ከብረቱ ወጥቶ ወደ ጭንቅላቱ መግባቱን አላወቅሁም። ወላሂ አላወቅሁም።»

ኢንቲሳር ቃላቸውን ለሐኪሟና ለአዛዡ በዐረብኛ ደገመችው።

«ይህ ልጅስ ገደልኩት ያለው ለምንድን ነው?» አለ ሰላህ።

«በእጄ ብሎኝ ነበር» አለች ኢንቲሳር። «ሐሙስ ጓንቱ ጠፋ፤ ዓርብ ጠዋት ተገኘ። የደበቀው ሀብቶም ነው፤ ያለ ጓንት እንዳይሰለፍ። በእጁ መልሶ የሰጠውም እሱ ነው። የእኔ ምርመራ እዚህ ያቆማል። ለምን እንደመለሰለት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ሀብቶም ቀና አለ።

«‹ዛሬ ካልተጫወትሁ ተስፋዬ አበቃ፤ ነገውኑ በደላላው መኪና ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ› አለኝ። ያን መንገድ ጀምሬ የተመለስሁ ነኝ፤ በረሃው ላይ የቀሩትን አውቃቸዋለሁ። ኳስ ይሻለዋል አልኩ። ጓንቱን ሰጠሁት። ከሁለቱ ቀላሉን የመረጥሁለት መስሎኝ ነበር።»

ጥላነሽ እዬዬ ብላ አለቀሰች። ከልጆቹ መሐል ዓርብ ዕለት ሀብቶምን የደበደቡ ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ከሜዳው ራቁ።

ከማሉዲን ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ወደ አዛዡ ዘረጉ። «እሰሩኝ።»

«በምን ሕግ፣ ያ ሐጅ?» አለ ሰላህ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ለስልሶ። «ኪኒን ሰጠህ ብዬ? ብረት ለበጥህ ብዬ? ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ። ቤትህ ግባ።» ከዚያ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ ሀብቶምን አመለከተ። «ይህን ጫኑት።»

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ኢንቲሳር። «ንጹሕ ነው እኮ!»

«ከግድያው ንጹሕ ነው፤ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን የለውም። ስሙ አንዴ መዝገብ ገብቷል፤ ለኢሚግሬሽን ማስረከብ አለብኝ። ትእዛዙ ጠዋት ነው የመጣው፣ ያ ኢንቲሳር። እኔም እንዳንቺው ታዛዥ ነኝ።»

ለመነችው። የደቡቡን ዘመን ጓደኝነታቸውን እያነሣች ለመነችው። ወረቀት የሌላቸው ሌሎች ስደተኞች የተጫኑበት የጭነት መኪና መንገድ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ ነበር። ሀብቶም ሲያልፍ አጠገቧ ቆም አለ።

«እትዬ፣ አርፎ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር የተባለው እውነት ነው?»

አይደለም ልትለው ፈለገች። ሐኪሟን አየች፤ መልሳ እሱን አየች።

«እውነት ነው ልጄ።»

ራሱን ነቀነቀና መኪናው ላይ ወጣ።

አቧራው ገና ሳይበተን የጥላነሽ ስልክ ጮኸ። ከከሚሴ ነው፤ የፈይሳ እናት፣ እማማ ፋጡ ናቸው። ጥላነሽ ቁጥሩን አይታ ስልኩን ለኢንቲሳር ሰጠቻት።

«እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ አልችልም።»

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እናቴ፤ ከፖሊስ ነኝ» አለች ኢንቲሳር።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። መርማሪዋ አንቺ ነሽ አሉኝ። ልጄን አብሮት የሚኖር ልጅ ገደለው ብለው ነገሩኝ። እውነት ነው?»

«ሐሰት ነው። ማንም ሊገድለው አልፈለገም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር፤ ሳይድን ኳስ ተጫወተ።»

ኢንቲሳር የሴትዮዋን ትንፋሽ ትሰማለች።

«ታሞ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ ታሞ ነበር።»

«በሰው አገር ልጄን ማን አስታመመው?»

«ሀብቶም የሚባል ልጅ ነው። ያ አብሮት የሚኖረው።»

«እኔ መስኪኗ፣ እሱን እኮ ነው ስረግመው ያደርኩት!» አሉ እማማ ፋጡ፤ አሁን ያለቅሱ ነበር። «ከአጠገብሽ አለ? ስጪኝ እስቲ ልመርቀው።»

ኢንቲሳር መንገዱን አየች። መኪናው የጨው ሜዳውን ተሻግሮ ወደ ዋናው ጎዳና ታጥፏል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆመች፤ እናትየዋም በወዲያኛው ጫፍ የሀብቶምን ድምፅ ይጠብቃሉ።